ደካማ የትምህርት ውጤት ስለሚታረምበት መንገድ
(ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት ለማመልከት ለሚያስቡ)

በልጅነቱ ሐኪም ለመሆን ያልተመኘ ተማሪ በመካከላችን ጥቂት ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን መምህራችን «ወደ ፊት ምን ለመሆን ታስባላችሁ?» ብለው በጠየቁን ጊዜ ከክፍላችን ከግማሽ የምንበልጠው «ሐኪም» ብለን መልሰን ነበር። ከዚያ በኋላ የኮሌጁ የመጀመሪያ ዓመት ይመጣል፤ የኬሚስትሪውና የሒሳቡ ማርክ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ያን ጊዜ ብዙዎች ምኞታቸውን ለማንም ሳይናገሩ ይተዉታል። ሌሎች ደግሞ ምኞቱን ሳይተዉ፥ ነገር ግን የተበላሸው ውጤት በምን እንደሚታረም ሳይመረምሩ፥ ገንዘባቸውንና ዕድሜያቸውን ባልሆነ መንገድ ላይ ያፈስሳሉ።

ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ ከሜሪላንድ የተደወለልኝ ስልክ ነው። የአጎቴ ልጅ በዚያ አገር ሌሊት በፓርኪንግ እየሠራ፥ ቀን ባዮሎጂ እየተማረ በአራት ዓመት ዲግሪውን አግኝቷል። አማካይ ነጥቡ ግን 2.70 ነው። ሐኪም ለመሆን ስለሚፈልግ፥ ብዙ ገንዘብ ተበድሮ በአንድ ዓመት የሚፈጸም የማስተርስ ትምህርት ሊገባ አስቦ ነበር። «እዚያ ኤ ብቻ ካገኘሁ የድሮው ማርክ ይነሣልኛል። አንተ ሒሳብ ትወዳለህና እስቲ ስንት እንደሚደርስ አስላልኝ» አለኝ። ደንቡን አንብቤ፥ እርሳስ ይዤ አሰላሁለት። መልሱ ሁለታችንንም አስደነገጠን፤ የሚያገኘው ኤ ሁሉ የ2.70ውን ቁጥር በአንዲት ነጥብ እንኳ አያነሣውም ነበር። ምክንያቱን ከዚህ በታች እገልጻለሁ።

ጉዳዩ በአሜሪካን አገር ቢሆንም የእኛም ኮሌጆች በአራት ነጥብና በክሬዲት ስለሚቆጥሩ፥ ሒሳቡ ለዚህ መጽሔት አንባብያን ሁሉ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

፩. የቀድሞ ማርክ ስለምን ይጠየቃል?

በአሜሪካን አገር በ19ኛው መቶ ዓመት የሕክምና ትምህርት ቤት ለመግባት ክፍያውን መክፈል ብቻ የሚበቃበት ቦታ ብዙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1893 የተከፈተው የጆንስ ሆፕኪንስ ሕክምና ትምህርት ቤት ግን ከሚገቡት ተማሪዎች አስቀድሞ የባችለር ዲግሪ ጠየቀ። በ1910 አብርሃም ፍሌክስነር የተባለ ሰው በአሜሪካና በካናዳ የነበሩትን 155 የሕክምና ትምህርት ቤቶች መርምሮ ብዙዎቹ የማይረቡ መሆናቸውን የሚገልጽ ዘገባ አወጣ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በተረፉትም የመግቢያው ደንብ ጠነከረ። ይህ ዘገባ ጉዳትም ነበረው፤ ከሰባቱ የጥቁሮች ሕክምና ትምህርት ቤቶች ውስጥ እንዲቆዩ ያለው ሃዋርድንና ሜሃሪን ብቻ ነበር። የአገራችን ሰው ዶክተር መላኩ በያን በ1930ዎቹ ዓመታት ሕክምና የተማሩት በዚሁ በሃዋርድ ነው። በ1928 ደግሞ ለአመልካቾች የተለየ ፈተና ተጀመረ፤ ዛሬ ኤምካት የሚባለው የዚያ ተከታይ ነው።

እንግዲህ በዚያ አገር ተማሪው ወደ ሕክምና የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ዲግሪውን ከያዘ በኋላ ስለ ሆነ፥ የሚፈረድበት በአንድ ፈተና ብቻ ሳይሆን በአራት ዓመት ሥራው ነው። በአገራችን ግን የተለመደው መንገድ የባችለር ዲግሪ ሳይጠበቅ፥ በብሔራዊ ፈተና ውጤት ተመርጦ መግባት ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2012 ዲግሪ ያላቸው ሰዎች ሕክምና የሚማሩበት አዲስ መርሐ ግብር በ13 ተቋማት ተከፍቶ ነበርና፥ የኮሌጅ ማርክ ኋላ ተመልሶ የሚጠየቅበት ጊዜ ለእኛም እንግዳ አይደለም።

ውድድሩ ምን ያህል እንደ ሆነ በቁጥር እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2023 ለአሜሪካ የኤም.ዲ. ትምህርት ቤቶች ካመለከቱት 52,577 ሰዎች የገቡት 22,981 ነበሩ። የገቡት ሰዎች የማርክ አማካይ 3.77፥ የኤምካት አማካይ 511.7 ነበር። አማካይ ማለት የመጨረሻው ዝቅተኛ ማለት አይደለም፤ ከዚያ በታች ሆነው የገቡም አሉ። ነገር ግን 2.70 ይዞ የሚሰለፍ ሰው ከፊቱ ያለውን አቀበት ማወቅ አለበት።

፪. የአማካይ ነጥብ ሒሳብ

ሁላችን እንደምናውቀው ኤ 4፥ ቢ 3፥ ሲ 2፥ ዲ 1፥ ኤፍ 0 ነው። እያንዳንዱ በክሬዲቱ ይባዛል፤ ድምሩ ለጠቅላላው ክሬዲት ይካፈላል። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ከዚህ የሚወጣውን ትምህርት ብዙዎቻችን አናስተውለውም። ሦስት ተማሪዎችን እናነጻጽር።

ተማሪ ሀ፦ በመጀመሪያው ዓመት በ30 ክሬዲት 2.30 አገኘ። ይህ 69 ነጥብ ነው። ስሕተቱን ቶሎ ዐውቆ በቀሩት 90 ክሬዲቶች 3.80 ቢያገኝ 342 ነጥብ ይጨምራል። ድምሩ 411 ለ120 ሲካፈል 3.43 ይሆናል።

ተማሪ ለ፦ ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም ብሎ ቆይቶ በ90 ክሬዲት 2.60 ይዟል። በመጨረሻው ዓመት በ30 ክሬዲት ኤ ብቻ ቢያገኝ፥ 234 እና 120 ተደምሮ 354 ይሆናል። ለ120 ሲካፈል 2.95 ነው። አንድ ዓመት ያለ ምንም ጉድለት ሠርቶ ሦስት ነጥብ እንኳ አልደረሰም።

ተማሪ ሐ፦ እንደ አጎቴ ልጅ 120 ክሬዲቱን በ2.70 ፈጽሟል። ከዲግሪው በኋላ 30 የባችለር ደረጃ ክሬዲቶች ጨምሮ 3.90 ቢያገኝ አማካዩ 2.94 ይሆናል። 60 ክሬዲት ቢጨምር 3.10 ይደርሳል።

ከዚህ የምንረዳው የክሬዲቱ ብዛት እንደ ሸክም መሆኑን ነው። ገና ጥቂት ሳለ በቀላሉ ይነሣል፤ ሲከመር ግን የሚያነሣው ጉልበት ብዙ ነው። ስለዚህ የአንደኛ ዓመት ተማሪ «ገና ብዙ ጊዜ አለኝ» ማለቱ ሒሳቡን አለማወቅ ነው። በተቃራኒው ደግሞ ያው የአንደኛ ዓመት ተማሪ በአንድ ክፉ ሴሚስተር ምክንያት ተስፋ ቢቆርጥ፥ እርሱም ሒሳቡን አላወቀም።

፫. ደንቡ ምን ይቈጥራል?

በአሜሪካን አገር ለአብዛኞቹ የኤም.ዲ. ትምህርት ቤቶች የሚቀርበው ማመልከቻ አምካስ በሚባል አንድ የማእከል አገልግሎት በኩል ያልፋል። ይህ አገልግሎት የተማሪውን ማርክ ራሱ እንደገና ያሰላዋል። በዚህ ጊዜ ልብ ልንላቸው የሚገቡ አራት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፥ የተደገመ ትምህርት ሁለቱም ጊዜ ይቈጠራል። አንድ ተማሪ በ4 ክሬዲት ኬሚስትሪ ዲ አግኝቶ፥ ደግሞ ቢማረውና ኤ ቢያገኝ፥ የራሱ ኮሌጅ የመጀመሪያውን ሰርዞ 4.00 ሊጽፍለት ይችላል። አምካስ ግን 4 ነጥብና 16 ነጥብ ደምሮ ለ8 ክሬዲት ያካፍላል፤ ውጤቱም 2.50 ነው። የኦስቲዮፓቲ ሕክምና ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ ቀድሞ የኋለኛውን ማርክ ብቻ ይቀበል ነበር፤ ይህም ከ2017 ጀምሮ ቀርቷል።

ሁለተኛ፥ የባዮሎጂ፥ የኬሚስትሪ፥ የፊዚክስና የሒሳብ ማርክ ለብቻው ተደምሮ ይቀርባል። በታሪክና በቋንቋ ኤ በማብዛት የኬሚስትሪን ጉድለት መሸፈን አይቻልም።

ሦስተኛ፥ የማስተርስ ማርክ በራሱ መስመር ይጻፋል እንጂ ከባችለሩ አማካይ ጋር አይደመርም። የአጎቴን ልጅ ያስደነገጠው ይህ ነው። ማስተርሱን በ4.00 ቢጨርስም 2.70 ያው 2.70 ሆኖ ይቀመጥ ነበር።

አራተኛ፥ እያንዳንዱ ዓመት በየመስመሩ ለብቻው ይታያል። ከዲግሪ በኋላ የተወሰደ የባችለር ደረጃ ትምህርትም የራሱ መስመር አለው። ለደካማ ተማሪ ትልቁ ተስፋ እዚህ ላይ ነው። መራጭ ኮሚቴው 2.94 የሚለውን ድምር ብቻ ሳይሆን፥ 2.4፥ 2.6፥ 2.8፥ 3.0፥ በመጨረሻም 3.90 የሚለውን ጉዞ ያያል። ድምሩ የትናንቱን ሰው ሲናገር የመጨረሻው መስመር የዛሬውን ይናገራል።

በዚህ ያለን ተማሪዎችም ልናውቀው የሚገባ ሌላ ነገር አለ። አምካስ ከአሜሪካና ከካናዳ ውጭ ባሉ ኮሌጆች የተገኘ ማርክን በአማካዩ ውስጥ አያስገባም። ይህ ግን የምሥራች አይደለም። ብዙ ትምህርት ቤቶች በዚያው አገር ኮሌጅ የተወሰደ በቂ ትምህርት ይጠይቃሉ፤ የውጭ አገር ዜጋ የማይቀበሉም ብዙ ናቸው። ስለዚህ «እዚህ የተበላሸው እዚያ ሲደርስ ይጠፋል» እያልን ራሳችንን አናታልል።

፬. መድኃኒት ከመፈለግ በፊት በሽታውን ማወቅ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ሐኪም ለመሆን የሚመኝ ሰው ይህን ምሳሌ በራሱ ላይ አስቀድሞ ቢሠራበት መልካም ነው። ውጤት የሚደክመው በልዩ ልዩ ምክንያት ነው፦ በጊዜ ማጣት፥ በአጠናን ጉድለት፥ ከሁለተኛ ደረጃ በመጣ የመሠረት ድካም፥ በሕመም ወይም በቤተ ሰብ ሐዘን፥ አንዳንድ ጊዜም ትምህርቱን ከልብ ባለመውደድ። ምክንያቱ ሳይታወቅ ክሬዲት መጨመር ያንኑ ማርክ ማብዛት ብቻ ነው።

የራሴን ልናገር። በመጀመሪያው ሴሚስተር በኬሚስትሪ ዲ፥ በሒሳብ ሲ አግኝቼ ነበር። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ከምሽቱ በአንድ ሰዓት ደወል ይደወላል፤ ሁላችን በአንድ አዳራሽ እንቀመጣለን፤ አንድ መምህር በመካከላችን እየተመላለሱ ያዩናል። ኮሌጅ ስገባ የሚደወል ደወል አልነበረም። እኔ የደወሉን ሥራ የራሴ ትጋት መስሎኝ ኖሯል። ከዚህም በላይ መጽሐፉን ሦስት ጊዜ አንብቤ፥ በቀይ አስምሬበት፥ ዐውቄዋለሁ እያልሁ እገባና በፈተናው ወረቀት ፊት ባዶዬን እቀመጥ ነበር። ወጤቱን ለአባቴ ሳልናገር ሁለት ወር ቈየሁ። በመጨረሻ ወደ ኬሚስትሪው መምህር ቢሮ ሄጄ የፈተናዬን ወረቀት ይዘን ተቀመጥን። እርሳቸውም «ማንበብህን አልጠራጠርም፤ ነገር ግን መጽሐፉን ዘግተህ አንድ ጊዜ እንኳ ጽፈኸው ታውቃለህ?» አሉኝ። ጽፌው አላውቅም ነበር።

ይህ የአንድ መምህር አስተያየት ብቻ እንዳልሆነ በኋላ ተረዳሁ። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች ተማሪዎችን አንድ ጽሑፍ አስነብበው፥ ከፊሎቹን እንደገና እንዲያነቡ፥ ከፊሎቹን ደግሞ ሳያዩ የሚያስታውሱትን እንዲጽፉ አደረጉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ራሳቸውን የፈተኑት 56 በመቶ ሲያስታውሱ፥ ደግመው ያነበቡት 42 በመቶ ብቻ አስታወሱ። ደግሞ ማንበብ ያወቅን እንዲመስለን ያደርጋል፤ ዘግቶ መጻፍ ግን ያላወቅነውን ያሳየናል። እኔም ከዚያ ወዲህ በየማታው አንድ ባዶ ወረቀት ይዤ እቀመጣለሁ። በሁለተኛው ሴሚስተር የኬሚስትሪ ማርኬ ቢ ሆነ።

የአጎቴ ልጅ በሽታ ግን ከእኔ የተለየ ነው። የአጠናን ጉድለት የለበትም፤ እንቅልፍ የለውም። ሌሊቱን ቆሞ አድሮ በሦስት ሰዓት ላቦራቶሪ የሚገባ ሰው ከየት አምጥቶ ኤ ያግኝ? እርሱ የሌሊቱን ሥራ ሳይቀንስ ማስተርስ ቢገባ፥ ብድር ተጨምሮበት ያንኑ 2.70 በውድ ዋጋ ይገዛ ነበር።

፭. መንገዶቹና አደጋቸው

ሀ. ገና ያልተመረቀ ተማሪ። ለዚህ ሰው የሚበጀው መጀመሪያ የወደቀበትን ለይቶ ማረም ነው። በሚፈለግ ትምህርት ከሲ በታች ያገኘ ይድገመው። ሲ ያገኘ ግን ያንኑ ከመድገም ይልቅ አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን፥ ለምሳሌ ባዮኬሚስትሪን፥ ወስዶ ኤ ቢያገኝ የበለጠ ምስክር ይሆነዋል። እየሰመጠበት ያለውን ትምህርትም በቀኑ ገደብ ውስጥ መተው ከኤፍ ይሻላል፤ መተው በአማካዩ ውስጥ አይገባም። ነገር ግን በትራንስክሪፕቱ ላይ ስለሚታይ ልማድ ሊሆን አይገባውም።

ለ. ዲግሪውን የያዘ ተማሪ። በአሜሪካን አገር ከዲግሪ በኋላ የሚሰጥ የቅድመ ሕክምና ትምህርት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሳይንስ ጨርሶ ያልተማሩት የሚጀምሩበት ነው፤ ሁለተኛው ተምረው ደካማ ማርክ ያመጡት የሚያሻሽሉበት ነው። በተደራጀ ፕሮግራም መግባት ይቻላል፤ በአቅራቢያ ባለ ዩኒቨርሲቲ እየተመዘገቡ በግል መማርም ይቻላል። የኋለኛው ብዙ ጊዜ በዋጋ ይቀላል። ዋናው ቁም ነገር ማርኩ በባችለር ደረጃ የሚቈጠር መሆኑ ነው።

ሐ. ልዩ ማስተርስ። በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ እንዳለው ያሉት ልዩ የማስተርስ ትምህርቶች ተማሪውን የመጀመሪያ ዓመት የሕክምና ተማሪ የሚማረውን ዓይነት ትምህርት ያስተምሩታል። በዚያ መልካም የሠራ ሰው «የሕክምናን ትምህርት ይችላል» የሚል ብርቱ ማስረጃ ያገኛል። ስለዚህ የባችለር አማካዩ ለመግቢያ ተቃርቦ ጥቂት የጐደለው ሰው ይጠቀምበታል። ነገር ግን ዋጋው ውድ ነው፤ በዚያም የደከመ ሰው ከዚያ በኋላ የሚከፈትለት በር አይገኝም ለማለት ይቻላል። የመጨረሻው ካርታ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም።

መ. የቴክሳስ ደንብ። በቴክሳስ ክፍለ አገር ነዋሪ የሆነ ሰው ከ10 ዓመት በፊት የወሰደው ክሬዲት በመግቢያው ላይ እንዳይታይ በሕግ መጠየቅ ይችላል። ነገር ግን ሁሉን ወይም ምንም ነው፤ ዲውን አስጥሎ ኤውን ማስቀረት አይቻልም። በዚያ ዘመን ያገኘው መልካም ማርክም አብሮ ይቀራል።

ሠ. የኤምካት ፈተና። ከ2015 ጀምሮ ነጥቡ ከ472 እስከ 528 ነው። ከፍ ያለ ነጥብ ደካማ ማርክን አይሽርም፤ ከተሻሻለው ማርክ ጐን ቆሞ ሁለተኛ ምስክር ይሆናል። ይህንን ፈተና በአንድ ዓመት ከ3፥ በሁለት ተከታታይ ዓመት ከ4፥ በዕድሜ ልክ ከ7 ጊዜ በላይ መውሰድ አይፈቀድም። የተወሰደው ሁሉ ለትምህርት ቤቶቹ ስለሚታይ «እስቲ ልሞክረው» ተብሎ የሚገባበት ፈተና አይደለም።

፮. ስለ ማመልከቻው ጊዜና ስለ ቃሉ

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው፥ ማሻሻያው ሳያልቅ የሚያመለክት ሰው በድሮው ማርኩ ይፈረድበታል። የአምካስ ማመልከቻ የሚገባው ትምህርቱ ከሚጀመርበት ጊዜ አንድ ዓመት አስቀድሞ፥ ከግንቦት ማብቂያ አንሥቶ ነው። ማመልከቻው ከተላከ በኋላ የተገኘ ማርክ በተሰላው አማካይ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ መልካሙ መስመር ከተጻፈ በኋላ ማመልከት ይገባል። ለጥቂት ትምህርት ቤቶች ከማመልከት በፊት የየአንዳንዱን ዝቅተኛ ወሰን ማንበብም ገንዘብ ያድናል።

ስለ ድካሙ በማመልከቻው ሲጻፍ አጭርና እውነተኛ መሆን አለበት፦ ምን እንደ ሆነ፥ ምን እንደ ተለወጠ፥ ለውጡ በየትኛው ማርክ እንደሚታይ። መምህርን መክሰስ፥ ዕድልን ማማረር፥ ችግርን ማብዛት አይጠቅምም። የድጋፍ ደብዳቤም በስም ብቻ ከሚያውቀን ታላቅ ሰው ይልቅ፥ ስንወድቅም ስንነሣም ካየ መምህር ቢሆን ይሻላል። እንዲህ ያለ መምህር እንዲኖረን ግን ስንወድቅ ቢሮው መሄድ ነበረብን።

መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ቁም ነገር አንድ ነው። ደካማ ውጤት አይደመሰስም፤ በላዩ በሚጻፈው ሥራ ይመዘናል እንጂ። የሚመዝነው ሥራ ደግሞ በሽታው ሳይታወቅ አይገኝም። ይህን ሁሉ አድርጎም የማይሳካለት ሰው ይኖራል። ያ ሰው በነርስነት፥ በላቦራቶሪ፥ በፋርማሲ ወይም በኅብረተ ሰብ ጤና ቢሠራ የበሽተኛው አልጋ ዘንድ ከመድረስ የሚከለክለው የለም፤ የተማረውም ሳይንስ አይባክንም።

የአጎቴ ልጅ ብድሩን አልተበደረም። የሌሊቱን ሥራ ወደ ቅዳሜና እሑድ አዛውሮ፥ በባችለር ደረጃ ሁለት ትምህርት ብቻ ተመዘገበ። ቤተ ሰቡ «ዲግሪ ይዞ እንደገና ወደ ኋላ ተመለሰ» ብለው አዝነው ነበር። ባለፈው ሴሚስተር በሁለቱም ኤ አገኘ። አማካዩ ስንት ደረሰ ብላችሁ ብትጠይቁኝ ከ2.70 ወደ 2.77 ነው። እርሱ ግን ስልክ ሲደውልልኝ ቁጥሩን አላነሣም፤ «ተኝቼ አድሬ ተማርሁ፤ ለካ እችላለሁ» ነበር ያለኝ። ለሚቀጥለው ሴሚስተር አራት ትምህርት ተመዝግቧል። ይገባ አይገባ እንደ ሆነ ገና ወደ ፊት የሚታይ ነው።

በመካከላችን የመጀመሪያውን ሴሚስተር ማርክ በኪሱ ደብቆ የሚሄድ ጓደኛ ቢኖር፥ ወረቀቱን አውጥቶ ወደ አንድ መምህር ቢሮ እንዲሄድ በወንድምነት አሳስበዋለሁ። በጻፍሁት ውስጥ ስሕተት ቢገኝ መምህራኖቼና ጓደኞቼ እንዲያርሙኝ እለምናለሁ።